ስልሳዋ ሰዓት እና የዊንጌት ወረቀቶች

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ራሱም እንዲማር ይጠበቅበታል፡፡ ትምህርት ሚኒስቴር በ2009 ያወጣው የተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ የሚለው ይህንን ነው፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልን አናሰለቻችሁም፡፡) መምህራኑ ስሙን አሳጥረው «ተሙማ» ይሉታል፡፡ መምህር ወዳጅ ያለው አንባቢ ይህን ቃል አንስቶ የወዳጁን ፊት ይመልከት፡፡ ሳቅ እንዳንለው ሳቅ አይደለም፤ ምሬት እንዳንለውም ምሬት አይደለም፡፡

መምህር ይማር ማለት እንዴት የቀልድ ርዕስ ይሆናል? በዚህች አገር በሥራ ላይ ሆኖ መማርን ከመምህር በላይ የለፋበት ማን አለ? መልሱን ፍለጋ ወደ ጉለሌ፣ ወደ ዊንጌት እንውረድ፡፡ ከመርካቶ ወደ አስኮ የሚሄድ ታክሲ ተሳፍረን ጳውሎስ ሆስፒታልን ስናልፍ «ዊንጌት ወራጅ!» እንላለን፡፡

ነገሩ የሚጀምረው ዊንጌት ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ነው፡፡ ጣልያን በየካቲት 1937 አዲስ አበባን ሲያነድ ተለይተው ከተለቀሙት መካከል ፊደል የቆጠሩት ወጣቶች ነበሩ፡፡ በ1941 ነፃነት ሲመለስ ትምህርት ቤቶችን መክፈት ተቻለ፤ የሚያስተምር ሰው ግን አልነበረም፡፡ ክፍተቱን ሕንዶችና እንግሊዞች ሸፈኑት፡፡ በ1944 የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጉለሌ ተዛወረ፤ በ1952 ደግሞ ወደ ሐረር ሄደ፡፡ ጉለሌ የቆየው ለጥቂት ዓመታት ነውና ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ብዙ አይደለም፡፡ እኛም የምናነሳው ሰፈሩን ለማሞገስ አይደለም፡፡ የገቡት ሠልጣኞች ራሳቸው ብዙ ክፍል ያልዘለቁ ወጣቶች ነበሩ፡፡ ትናንት የተማሩትን ነገ ሊያስተምሩ ነበር የሚማሩት፡፡ ስንት ሰዓት ተማራችሁ ብሎ መጠየቅ ለእነሱ ትርጉም አልነበረውም፤ ያልገባቸው ነገር ሰኞ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ፊት ያጋልጣቸዋልና፡፡

በዚያው ዘመን፣ በ1946፣ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈተ፡፡ ስሙን ያገኘው ጌዴዎን የተባለውን ጦር እየመራ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል ከገባው እንግሊዛዊ መኮንን ነው፤ ኦርድ ዊንጌት በ1944 ሕንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል፡፡ ትምህርት ቤቱ አዳሪ ነበር፡፡ የብሪቲሽ ካውንስል እጅ ነበረበት፡፡ የማስተማሪያው ቋንቋም የፈተናው መንፈስም እንግሊዝኛ ነበር፡፡ በ1950ዎቹ የዊንጌት ተማሪ የመጨረሻ ግብ የሎንዶኑ ጂሲኢ ነበር፡፡ ጥያቄው ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ መልሱ ተመልሶ ባሕር ይሻገራል፣ ጉለሌ ያለው ወጣት አወቀ ወይስ አላወቀም የሚለውን አይቶት የማያውቅ ሰው ይፈርድለታል፡፡ በኋላ ፍርዱ ወደ አገር ቤት ገባና ማትሪክ ተባለ፡፡ በ1972 ከዊንጌት የጨረሰው መለስ ዜናዊን ጨምሮ የዚያ ትውልድ ልጆች በዚሁ ወንፊት ያለፉ ናቸው፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን፡፡ ጂሲኢም ሆነ ማትሪክ የዕድሜ ልክ ወረቀት ነበር፡፡ በ18 ዓመቱ ያለፈ ሰው በ58 ዓመቱም እንዳለፈ ይቆጠራል፡፡ የሚያድስለት ወይም የሚሰርዝበት አካል የለም፡፡ የመምህርነት ወረቀትም እንደዚያው ነበር፡፡ ሰርተፊኬቱን ይዞ የወጣ ጡረታ እስኪወጣ የባለሰርተፊኬት ደመወዝ ይበላል፡፡ ደመወዙ ከፍ እንዲል ከፈለገ ሌላ፣ የሚበልጥ ወረቀት ያምጣ፡፡

መምህሩም ወረቀቱን ፍለጋ ወጣ፡፡ አዲስ አበባ ላይ በ1948 የተቋቋመው ብርሃንህ ዛሬ ነው ቀን የሚሠራውን በማታ ያስተምር ነበር፡፡ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ደግሞ በ1953 ማታ በሩን ከፈተ፡፡ «ኤክስቴንሽን» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ነው የአማርኛ ያህል የተላመድነው፡፡ በክፍለ ሀገር ላሉት የቀረው ክረምት ነበር፡፡ የክረምት ኮርስን ታሪክ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢጽፈው እንዴት ደስ ባለን! ሐምሌ በገባ ቁጥር ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ልጆቹን ለሚስቱ ወይም ለእናቱ ትቶ፣ በዝናብ ወደ ኮሌጅ የሚጓዝ ባለቤተሰብ ሰው፤ ወይም ሕፃኗን አዝላ የምትሄድ መምህርት፡፡ ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፤ አራት ክረምት፣ አምስት ክረምት፡፡ ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር ዲፕሎማ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ዲግሪ ይኑረው ሲባል ይህ ጉዞ የብዙ ሺህ መምህራን ጉዞ ሆነ፡፡

ይህን ሁሉ ያደረጉት ለእውቀት ፍቅር ብቻ ነው ብለን አንዋሽም፡፡ ለእንጀራም ነው፡፡ የመምህር ትምህርትና የመምህር ደመወዝ በአገራችን ተነጣጥለው አያውቁም፡፡ በየካቲት 1974 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ በአንድ እጃቸው የደመወዝ ጥያቄ፣ በሌላው ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ዕቅድ ላይ ተቃውሞ ይዘው ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ዘውዱ በዚያው ዓመት ወረደ፡፡

እንግዲህ የ2009ኙ ማዕቀፍ የመጣው እንዲህ ላለ መምህር ነው፡፡ ሐሳቡ፣ እውነቱን እንናገር፣ ጥሩ ነው፡፡ ወረቀት የዕድሜ ልክ መሆኑ ቀርቶ መምህሩ በየዓመቱ እንዲማር፣ ትምህርቱም ሩቅ ኮሌጅ ሳይሆን እዚያው የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት እንዲሆን ነው፡፡ አዲስ መምህር ለሁለት ዓመት በነባር መምህር እየታገዘ ሙያውን ይተዋወቃል፡፡ ነባሩ ችግሩን ይተነትናል፣ ያቅዳል፣ ይተገብራል፣ ይገመግማል፡፡ በጉድኝት ማዕከል ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ጋር ይገናኛል፡፡ የሠራውንም በፖርትፎሊዮ ይሰበስባል፡፡

መቁጠሩ የእኛ ፈጠራ አይደለም፡፡ በሙያ ዓለም የቆየ ነው፤ አንዳንዴም ባልጠበቅነው ቦታ እናገኘዋለን፡፡ አሜሪካ ውስጥ የጎልፍና የመዝናኛ ክለቦች ሥራ አስኪያጆች በ1927 ማኅበር አቋቁመዋል፡፡ ማኅበሩ ለሥራ አስኪያጆቹ የሙያ ምስክርነት ይሰጣል፤ ለዚያም ኮርስና ጉባኤ እየተከታተሉ ነጥብ ያጠራቅማሉ፡፡ የክለብ ወጥ ቤትና ሒሳብ መዝገብ የሚቆጣጠር ሰው እንኳ «ዘንድሮ ምን ተማርክ?» ይባላል ማለት ነው፡፡ እዚሁ ዊንጌት አፍንጫ ሥር፣ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶችም እንደ ሌላው የጤና ባለሙያ ፈቃዳቸውን ሲያሳድሱ ተከታታይ ትምህርት የወሰዱበትን ነጥብ ያቀርባሉ፡፡ ይሄ አስቂኝ አይደለም፡፡ ከ20 ዓመት በፊት በተማረው ብቻ የሚያክመን ሐኪም እንዲኖር የሚፈልግ ያለ አይመስለንም፡፡

ታዲያ የመምህሩ 60 ሰዓት ለምን ፋይል ሆኖ ቀረ? አንድ ወዳጃችን (የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም) ፖርትፎሊዮውን አሳይቶናል፡፡ ዕቅዱ ያለፈው ዓመት ዕቅድ ነው፤ የተቀየረው ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው፡፡ ርዕሶቹ ከላይ የወረዱ ናቸው፤ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ፣ ተከታታይ ምዘና፡፡ የእሱ ችግር ግን ሌላ ነው፡፡ በሒሳብ ክፍሉ ግማሹ ተማሪ ክፍልፋይ ሳይገባው ነው እሱ ዘንድ የደረሰው፡፡ «ክፍልፋይን እንዴት ከሥሩ ላስተምር?» ብሎ ዕቅድ ቢጽፍ ከሞጁሉ ጋር አይገጥምም፡፡ ስለዚህ የሚገጥመውን ይጽፋል፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርማሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ ፋይሉ መኖሩን አይተው ይሄዳሉ፡፡ ሦስቱም አይዋሹም፤ ሦስቱም ግን እውነት አልተናገሩም፡፡

ሌላም አለ፡፡ የክረምት ኮርስ ሲያልቅ ደመወዝ ይጨምራል፡፡ 60 ሰዓቱ ሲያልቅ ሌላ 60 ሰዓት ይመጣል፡፡ ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ባለው መሰላል ላይ ይቆጠራል ይባላል፤ ሆኖም መሰላሉን የሚያስወጣው የተማረው ነገር ሳይሆን የተሞላው ቅጽ ከሆነ መምህሩ የሚማረው ቅጽ መሙላት ነው፡፡ የአምስት ክረምት ዝናብ የቻለ ሰው 60 ሰዓት አይከብደውም፡፡ የከበደው ከንቱነቱ ነው፡፡

«ስለዚህ ይቅር» የሚሉ አሉ፤ ከእነሱ ጋር አንስማማም፡፡ ቢቀር የምንመለሰው ወደ ዕድሜ ልኩ ወረቀት ነው፡፡ የ2014 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፡፡ ጥፋቱን ሁሉ መምህሩ ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ሳያዩ ማለፍ ደግሞ በተማሪው ላይ ግፍ ነው፡፡

ወደ ዊንጌት ግቢ እንመለስ፡፡ ዛሬ እዚያ ያለው ጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው፡፡ የሎንዶን ፈተና ይጠበቅበት በነበረው ግቢ የዛሬው ሠልጣኝ የሚጠብቀው የብቃት ምዘና ነው፤ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው፡፡ የ2008ቱ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ አንድ ትልቅ ነገር ተናግሮ ነበር፤ ሙያውን የትም ተማረው፣ ከአባቱም ይሁን ከጋራዥ፣ ከቻለ ተመዝኖ ይመሰከርለት፡፡ አሠልጣኙም ከዚህ አላመለጠም፤ በሚያሠለጥንበት ሙያ እሱም ይመዘናል፡፡ ሲኦሲ ጉድለት የለበትም እያልን አይደለም፡፡ ሐሰተኛ ወረቀቱ፣ የመዛኝ እጥረቱ፣ ብረት በመበየድ 20 ዓመት ያሳለፈን ሰው በጽሑፍ ጥያቄ መጣሉ ሁሉ እውነት ነው፡፡ ያም ሆኖ በተግባር ምዘናው መዛኙ ብየዳውን ቆሞ ያያል፡፡ ፋይሉን ሳይሆን ብየዳውን፡፡

የመምህሩስ ብየዳ የት ነው? ክፍል ውስጥ ነው፡፡ ይህን ለማየት አዲስ ማዕቀፍ ማውጣት አያስፈልግም፤ መምህር የመምህርን ክፍል ገብቶ ማየት፣ ከዚያም መነጋገር፣ በተሙማ ውስጥ ከተዘረዘሩት ተግባራት አንዱ ነው፡፡ ወዳጃችን ክፍልፋይ ሲያስተምር የፊዚክሱ መምህር ከኋላ ወንበር ቢቀመጥ፣ በሳምንቱ ወንበሩን ቢለዋወጡ፣ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላም የታዘቡትን ቢጨዋወቱ፣ ይህ ከ60ው ሰዓት ላይ ይቆጠርላቸው፡፡ ርዕሰ መምህሩም ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ይቀመጡ፡፡