የአናጢው ጣቶች

ስለ ቴአትር ሲወራ ደራሲውና ተዋናዩ ይነሳሉ። በኮምፔንሳቶና በሸራ ቤተ መንግሥት የሚያቆመውን አናጢ ማን ያስታውሰዋል? ድራማ ሳስተምር ያገላበጥኳቸው መጻሕፍትም ስለ እሱ ጣቶች ትንፍሽ አይሉም።

ክብ መጋዝ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ ፈቃድ ውስጥ የሰፈረው በ1777 ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን ናቸው)። አገሪቱ ለእንጨት ሥራ ማሽኖች ደንብ ያወጣችው ደግሞ በ1922። ልብ በሉ፣ መሐል 145 ዓመት አለ! ደንቡ የስለቱን ክዳን፣ ከስለቱ ኋላ የምትቆመውንም ቀጭን ብረት አስገዳጅ አደረገ። ብረቲቱ ዋዛ አይደለችም፤ እሷ ከሌለች የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ ስለቱን ቆንጥጦ ይይዝና ሳንቃው ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ጓንት እዚህ ላይ አያድንም፤ ስለቱ ጨርቁን ከያዘ እጅንም አስከትሎ ይጎትታል።

በ1999 ስቲቭ ጋስ የተባለ አሜሪካዊ ሥጋ ሲነካው በ5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ቀጥ የሚል መጋዝ ፈለሰፈ። መጀመሪያ በቋሊማ፣ ኋላም (ጉድ እኮ ነው!) በገዛ ጣቱ ሞከረው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች አንፈልግም ስላሉት ራሱ አምርቶ ገበያ አወጣው።

የዲኮር ክፍል ግን ከፋብሪካ ይለያል። ቲኬት ተሽጦ፣ አዘጋጁ “ደረጃው የታለ?” እያለ ሲጮህ፣ ክዳኑ “ለአንዲት ቁራጭ ብቻ” ተብሎ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ማን መልሶ ይገጥመዋል?