የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን (ቫቲካን)

የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ (በጣሊያንኛ ሳንቶ ስቴፋኖ ደሊ አቢሲኒ) ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ የሚገኝ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሮምን ሊሳለሙ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ ነበር። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረት

ስለ መሥራቹ ትውፊቶቹ ይለያያሉ። አንደኛው ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀዳማዊ ልዮን (440–461)፣ ሌላው ለሣልሳዊ ልዮን (795–816) ይሰጠዋል። ሁለተኛው ነባር ገዳም አድሶ ከሆነ ግን ሁለቱም ትውፊቶች አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። ለሐበሾች የተሰጠበት ጊዜም እንዲሁ አከራካሪ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 1479፣ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ራብዓዊ ሲክስቶስ ዘመን ነው፤ በ1481 ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ልዑካን ሮም ገብተው ስለነበር ነገሩን ከእነሱ ጋር የሚያያይዙም አሉ። አውሮፓውያን በዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያንን «ሕንዶች» ወይም «ሙሮች» ይሏቸው ስለነበር፣ በአንድ ሰነድ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የነዋሪዎቹን ማንነት መወሰን ያስቸግራል።

የግዕዝ ሕትመት

የቤቱ ትልቁ ውለታ የግዕዝ ሕትመት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን በሮም የኢትዮጵያውያኑን ጸሎት ሰምቶ ግዕዝን ከኢትዮጵያዊው አባ ቶማስ ተማረ፤ በ1513 ያሳተመው መዝሙረ ዳዊትም የመጀመሪያው የታተመ የግዕዝ መጽሐፍ ነው። በግራኝ ጦርነት ዘመን የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ሮም ደረሱ፤ በዚያም ጴጥሮስ በሚል ስም ይታወቁ ነበር። ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548–1549 አሳተሙ። የያዙት የሐዋርያት ሥራ ቅጂ ጉድለት ስለነበረው የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት፤ አታሚዎቹ ግዕዝ ስለማያነቡ ለገባው ስሕተትም አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ተስፋ ጽዮን በ1552 ዐርፈው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።

በ1649 ደግሞ ጀርመናዊው ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን በሮም አገኛቸው። እኚህ የአማራ መካነ ሥላሴ ሊቅ በ1652 ወደ ጀርመኗ ጎታ ሄደው አስተማሩት፤ የ1681 የኢትዮጵያ ታሪኩም በአብዛኛው ከእሳቸው በሰማው ላይ የቆመ ነው። ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ።

ሕንፃው

የበሩ የድንጋይ ቅርጽ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል። በ1706 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 11ኛ ታድሷል።

ኮሌጁ

በ1919 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ በዚያው የኢትዮጵያ ኮሌጅ ከፈቱ፤ በ1930 ገደማ ጵዮስ 11ኛ በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ወዳሠሩት አዲስ ሕንፃ ተዛወረ።