በሰው የታየ፣ በወረቀት የሚመሰከር፦ ጎብኚን ማግባትና የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ

መግቢያ

በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው አሜሪካዊ ዜጋ ካገባ፣ ወደ አገሩ ሳይመለስ ቋሚ ነዋሪ ሊሆን የሚችልበት መንገድ በሕግ አለ። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲያትልም ሆነ በዳላስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት መንገዱ ለማን እንደተከፈተ፣ መቼ እንደሚዘጋና ጋብቻው እውነተኛ ለመሆኑ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚጠየቅ ነው። ቤተ ዘመድ ባለበት የተዳረች ሙሽራ «ለወረቀት ነው ያገባሽው?» ብሎ የሚጠይቃት ይመጣል ብላ አታስብም። ኢሚግሬሽን ግን ከዚህ ጥያቄ ነው የሚጀምረው።

የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የአሜሪካ ሕግ የጋብቻን እውነተኛነት የሚለካበት ጥያቄ በራሱ ፍትሐዊ ነው፤ ለጥያቄው መልስ የሚቀበልበት ልማድ ግን አንድ ዓይነት ቤተሰብን፣ ማለትም ኑሮውን ሁሉ በባንክና በኪራይ ውል የሚመዘግበውን ባልና ሚስት፣ ታሳቢ ያደረገ ነው። ኢትዮጵያውያን ጥንዶች በብዛት የሚቸገሩትም ከታማኝነት ጉድለት ሳይሆን ከማስረጃቸው ቅርጽ የተነሳ ነው።

ዜጋን ማግባትና ባለ ግሪን ካርድን ማግባት

የጉዳዩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 245 ነው። አንቀጹ በድንበር ተፈትሾ በሕጋዊ መንገድ የገባ ሰው እዚያው እያለ ለቋሚ ነዋሪነት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። የዜጋ ባል ወይም ሚስት በሕጉ «የቅርብ ቤተሰብ» ስለሆነ በዓመታዊ ኮታ አይገደብም። የቆይታ ጊዜው ቢያልፍበት ወይም ያለ ፈቃድ ሠርቶ ቢገኝ እንኳ፣ በሕጋዊ መንገድ እስከገባ ድረስ ይህ ብቻውን ማመልከቻውን አይዘጋበትም።

ያገባው ሰው ዜጋ ሳይሆን ባለ ግሪን ካርድ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። የትዳር ጓደኛው በኮታ ወረፋ ይጠብቃል፤ ወረፋው እስኪደርስም ሕጋዊ ቆይታውን ማስጠበቅ ይኖርበታል። ለጎብኚ በመግቢያ ሰነዱ፣ በአይ-94፣ ላይ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው። ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያውያን ትልቅ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ በተፈጠረው የዲቪ ሎተሪ የገቡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ባለ ዲቪ ደግሞ ለዜግነት ለማመልከት እንደ ደንቡ አምስት ዓመት ይጠብቃል። በሁለተኛ ዓመቱ ጎብኚ ያገባ ባለ ዲቪ ጎረቤቱ የሆነው ዜጋ ባለፈበት መንገድ አልፋለሁ ብሎ ካሰበ፣ የሚስቱ ስድስት ወር ሳያውቀው ያልቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጎብኚው ሐሳብ ነው። ሕጉ የጎብኚ ቪዛ ጠያቂን ሁሉ፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ለመቅረት እንደሚመጣ ይገምተዋል። ጎብኚ ሆኖ ገብቶ ከዚያ በኋላ ሐሳብን መለወጥ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ለማግባትና ለመቅረት ቆርጦ ሳለ በኤምባሲ ወይም በአየር ማረፊያ «ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለት ነው፤ ይህ የሐሰት መግለጫ ሆኖ ከተያዘ የዕድሜ ልክ እገዳ ያስከትላል፣ የሚነሳውም በልዩ ይቅርታ ብቻ ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በገባ በ90 ቀን ውስጥ አግብቶ መኖር የጀመረን ጎብኚ መጀመሪያውኑ ዋሽቷል ብሎ የመገመት መመሪያ አለው። መመሪያው የተጻፈው ለቆንስላ ሠራተኞች እንጂ የአገር ውስጡን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ለማሰር ባይሆንም ጥርጣሬ ግን ያጭራል። በሌላ በኩል የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1980 በካቫዞስ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ፣ ቀድሞ የነበረ የመቅረት ሐሳብ ብቻውን የዜጋን የትዳር ጓደኛ ማመልከቻ ውድቅ ለማድረግ በቂ ምክንያት እንዳይሆን አድርጓል። ሐሳብና ውሸት በሕጉ ዓይን የተለያዩ ናቸው።

ብዙዎችን የጎዳው ግን ከአገር መውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ከ180 ቀን በላይ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለአሥር ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። ማመልከቻ አስገብቶ ሲጠባበቅ የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ የወጣ እንደ ደንቡ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። የእናቷን መርዶ የሰማች ሴት ለቅሶ ልድረስ ብላ በማግስቱ አዲስ አበባ ትበራለች፤ የምትመለስበት መንገድ መቆረጡን የምታውቀው ከሠልስቱ በኋላ ነው።

ከውጭ ሆኖ መጠበቅ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በሙኞዝ ጉዳይ አንድ ዜጋ የውጭ ተወላጅ የትዳር ጓደኛው እንዲገባለት ሕገ መንግሥታዊ መሠረታዊ መብት እንደሌለው ወስኗል። ቆንስላው ቪዛ ከከለከለ ፍርድ ቤት ገብቶ የሚመረምረው በጣም በጠበበ ሁኔታ ነው። እዚያው አሜሪካ ሆኖ ማመልከት ለብዙ ጥንዶች ከምቾት በላይ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የእውነተኛ ጋብቻ መለኪያ

መለኪያው የተቀረጸው በፍርድ ቤቶች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት አሜሪካ በባሕር ማዶ ያገቡ ወታደሮቿ ሚስቶቻቸውን እንዲያመጡ የሚያስችል ሕግ አወጣች። ይህን ሕግ ተጠቅመው በፓሪስ ለይስሙላ የተጋቡ ሰዎች ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ደረሰ። በሉትዋክ መዝገብ ፍርድ ቤቱ ያለው፣ ጋብቻው በፈረንሳይ ሕግ የጸና ሆነም አልሆነ፣ አብሮ የመኖር ሐሳብ ከሌለው ለኢሚግሬሽን ጥቅም አይውልም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 የታየው የባርክ ጉዳይ ለርዕሳችን ይበልጥ ይቀርባል። ባልና ሚስቱ ኮሪያ ሳሉ ይዋደዱ ነበር፤ እሷ ቀድማ አሜሪካ ሄደች፣ እሱ በንግድ ጎብኚነት ገብቶ ኋላ ተማሪ ሆነ፣ ሐዋይ ላይ ተጋቡ። ከዚያም ተጣልተው ተለያዩ። የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናቱ መለያየታቸውን የይስሙላ ጋብቻ ማስረጃ ሲያደርጉት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። ጥያቄው ጥንዶቹ በተጋቡበት ጊዜ አብረው ኑሮ ሊመሠርቱ አስበው ነበር ወይ የሚል ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው የሚጠቅመው ያንን ሐሳብ እስካሳየ ድረስ እንደሆነ ወሰነ።

በኮንግረሱ ዘንድ ግን ጥርጣሬ አየለ። በወቅቱ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት አለን ኔልሰን የመኖሪያ ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው ጋብቻዎች 30 በመቶ ያህሉ የማጭበርበር ምልክት አለባቸው ሲሉ ለሕግ አውጪዎቹ አስረዱ። ቁጥሩ የተመሠረተበት ጥናት ደካማ መሆኑ የታወቀው የጋብቻ ማጭበርበርን የሚመለከተው ሕግ ከጸደቀ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ይህ ሕግ፣ ግሪን ካርዱ ሲሰጥ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው ካርዱ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ቅድመ ሁኔታ ያለበት እንዲሆን አደረገ። ጥንዶቹ ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ቅድመ ሁኔታው እንዲነሳ የሚጠየቅበትን ቅጽ፣ አይ-751ን፣ አብረው ማስገባት አለባቸው። እያወቀ በይስሙላ ጋብቻ የተሳተፈ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ስደተኛው ደግሞ ወደፊት በእውነት ቢያገባ እንኳ በጋብቻ ማመልከት አይፈቀድለትም።

ኑሮው እና ወረቀቱ

የኢሚግሬሽን ደንቡ ለጋብቻ እውነተኛነት ማስረጃ የሚሆኑትን ይዘረዝራል፦ በጋራ የተያዘ ንብረት፣ የጋራ የኪራይ ውል፣ የተዋሐደ ገንዘብ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት እና የሚያውቋቸው ሰዎች የመሐላ ቃል። ዝርዝሩ ሰፊ ነው፤ በቃለ መጠይቁ ጠረጴዛ ላይ ሚዛን የሚደፋው ግን የባንክና የኪራይ ወረቀቱ ነው።

አንድ የተለመደ ቤት እንይ። አዲስ ተጋቢዎቹ የሚኖሩት በባልየው አጎት ቤት ምድር ቤት ነው። ውሉም የመብራቱ ደረሰኝም በአጎትየው ስም ነው። ባልየው የረጅም ርቀት መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚያድረው በወር ጥቂት ቀን ነው። ቁጠባቸው በእቁብ እጅ አለ፤ እቁብ ደግሞ የባንክ ደብተር የለውም። ሚስትየዋ እንደ አገሯ ደንብ በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል፣ ስለዚህ በአንድ ቤት ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ይገኛል። ይህን ቤተሰብ ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በፋይሉ ውስጥ ግን ባዶ ቤት ነው።

ባልና ሚስት ተለያይተው የሚጠየቁበት ቃለ መጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በኒውዮርክ በተሰጠ የፍርድ ቤት ስምምነት ስም «ስቶክስ» ተብሎ የሚጠራው፣ ሌላ ፈተና ነው። ከአልጋው በየት በኩል ማን እንደሚተኛ ይጠየቃል። የመኝታ ቤት ነገር በባዕድ ፊት፣ ይልቁንም የአባቷ እኩያ በሆነ አስተርጓሚ ፊት፣ እንዳይነሳ ተደርጋ ያደገች ሴት አንገቷን ትደፋለች። ሠራተኛው ጭምትነቷን መደበቅ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል።

ቀኖችም ያሰናክላሉ። ከዚህ በፊት ያገባ ሰው የቀድሞው ጋብቻ መፍረሱን ማስረዳት አለበት። ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. የተፈጸመ ጋብቻ እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2020 ነው። ተርጓሚው ይህን አስተካክሎ በ2014 ዓ.ም. የተሰጠውን የፍቺ ውሳኔ ዓመት እንዳለ ከገለበጠው፣ ሰነዱን የሚያነብ ሠራተኛ ሳይጋቡ ከስድስት ዓመት በፊት የተፋቱ ሰዎች ያገኛል።

ከዚህ የከበደው ፍቺው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን ለፍርድ ቤት ሰጥቷል። ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረት አካፍሎ ያለያያቸው ጥንዶች በፍርድ ቤት እስካልተፋቱ በሕግ ባልና ሚስት ናቸው፤ አሜሪካ ላይ የሚፈጸመው ሁለተኛ ጋብቻም ሐሳቡ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ዋጋ የለውም። ተመሳሳይ ስህተት በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ኢሚግሬሽን የሚቀበለው በተፈጸመበት ቦታ ሕግ የጸናን ጋብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የጋብቻ ፈቃድ ከካውንቲው ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ይወጣል፣ ተግባራዊ የሚሆነውም ከ48 ሰዓት በኋላ ነው። ያለ ፈቃዱ በተክሊል የተዳሩ ሙሽሮች በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ባልና ሚስት ቢሆኑም በኢሚግሬሽን ፊት ማስረጃ የላቸውም።

ፊርማውና ጉልበቱ

ሂደቱ በባልና ሚስት መካከል የኃይል ሚዛንን ይለውጣል። ዜጋው አመልካች ነው፤ ፊርማው ካልተገኘ ፋይሉ አይንቀሳቀስም። በአይ-864 የድጋፍ ቃል ኪዳን ደግሞ የስደተኛውን ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር ቢያንስ 125 በመቶ ላይ ለማቆየት ግዴታ ይገባል። ብዙዎች ሳያነቡ የሚፈርሙት ይህ ሰነድ በፍቺ አይቋረጥም፤ የሚያበቃው ስደተኛው ዜግነት ሲያገኝ፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመት ሲቆጠርለት፣ ነዋሪነቱን ትቶ አገሩን ለቆ ሲወጣ ወይም በሞት ነው።

«ወረቀትሽን አስቀድደዋለሁ» የሚለው ዛቻ በብዙ ቤት የሚሠራው ሴቲቱ ሌላ መንገድ ያለ ስለማይመስላት ነው። መንገድ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው ሕግ፣ የተበደለች ሚስት (ወይም የተበደለ ባል) የዜጋው ፊርማ ሳያስፈልግ ራሷ እንድታመለክት ፈቅዷል። የሁለት ዓመቱን ቅድመ ሁኔታም፣ ጋብቻው በእውነት የተመሠረተ መሆኑን አስረድቶ፣ በፍቺ ወይም በጥቃት ምክንያት ብቻን ማስነሳት ይቻላል።

መደምደሚያ

የባርክ ውሳኔ ጥያቄውን ከ50 ዓመት በፊት በትክክል አስቀምጦታል፦ ሲጋቡ አብረው ሊኖሩ አስበው ነበር ወይ? የጎደለው የመልሱን ዓይነት የማስፋት ፈቃደኝነት ነው። የመሐላ ቃል በደንቡ ውስጥ ተጽፎ ሳለ በተግባር ከባንክ ወረቀት በታች መቀመጡ ሊታረም ይገባል፤ ሠራተኞችም በዘመድ ቤት የሚኖርና በአባቱ ስም የሚጠራ ቤተሰብ ሲገጥማቸው ልዩነቱን እንደ ጥርጣሬ ምክንያት ሊቆጥሩት አይገባም።

የእኛም ድርሻ ቀላል አይደለም። ሽማግሌዎች የሚጽፉት ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ «የተከበሩ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ሰዎች ናቸው» የሚል ምስጋና ነው። ደንቡ የሚፈልገው ግን ምስክሩ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ጥንዶቹን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅና በዓይኑ ምን እንዳየ ነው። የፋሲካ ዕለት ቤታቸው ገብቶ የበላ ሰው ያንኑ ይጻፍ። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የካውንቲ ፈቃድ ሳይቀርብ ሙሽራ አይዳሩ። ተርጓሚዎች የኢትዮጵያን ቀን ሲያዩ ወሩንም ዓመቱንም ይመልሱ። ተጋቢዎችም ስማቸውን ከሠርጉ ሳምንት ጀምሮ አንድ ወረቀት ላይ ያኑሩ፣ ያለፈው ፍቺ በፍርድ ቤት መጽደቁን ያረጋግጡ፣ ፈቃድ ያለው የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩም ከአገር አይውጡ።