ንጉሡን ማን ይንገራቸው?

ዕለቱ እሑድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628። የስቶክሆልም ሕዝብ «ቫሳ» የተባለችውን አዲስ የጦር መርከብ ሊሸኝ ወደቡ ላይ ተኮልኩሏል። መርከቧ 64 መድፎች ይዛለች፤ ገላዋ በቅርጻ ቅርጽ አሸብርቋል። ግን 1,300 ሜትር ያህል እንደተጓዘች በሕዝቡ ፊት ሰጠመች። 30 ያህል ሰዎችም አብረዋት ሞቱ። ማዕበል አልነበረም፤ ጠላትም አልተኮሰባትም።

ታዲያ ምን ነካት?

እስቲ መጀመሪያ ባለሸራ መርከብ እንዴት እንደምትሄድ እንይ። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ሸራውን እየገፋ ይወስዳታል። ከጎን ሲመጣ ደግሞ የተወጠረው ሸራ የነፋሱን አቅጣጫ ያስለውጠዋል፤ ነፋሱም በምላሹ ወደፊትም ወደ ጎንም ይገፋታል። ውሃ ውስጥ ያለው ረጅም አካሏ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ስለሚይዛት ጉዞዋ ወደፊት ይሆናል። ከኋላዋ ያለው መሪ ዞር ሲል ውሃው ይገፋውና አፍንጫዋን ያዞራል።

ችግሩ፣ ያው ነፋስ እንድታዘነብልም ያደርጋታል። ያን ጊዜ የጠለቀውን ጎኗን ውሃው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ክብደቷ ወደ ታች ከሆነ ተመልሳ ቀና ትላለች። ሆዷ ውስጥ ድንጋይ የሚጫነው ለዚህ ነው። ክብደቷ ወደ ላይ ከሆነስ? ጭነት የቆለለ አይሱዙ ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን አይታችኋል አይደል?

ቫሳ 120 ቶን ያህል ድንጋይ ተጭኖባት ነበር፤ አልበቃትም። ይጨመር ቢባል ደግሞ የታችኞቹ የመድፍ መስኮቶች ይበልጥ ወደ ውሃው ይቀርባሉ። ስህተቱ ከአሠራሯ ነበር። ነፋሱ አንዴ አዘንብሏት እንደምንም ቀና አለች፤ በሁለተኛው ግን ውሃው በተከፈቱት መስኮቶች ገባ።

የሚያሳዝነው፣ ነገሩ አስቀድሞ ታይቷል። ከጉዞው በፊት 30 ሰዎች ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው እየሮጡ ፈትነዋታል። ከሦስተኛው ሩጫ በኋላ ክፉኛ ስለተናወጠች አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ ፈተናውን አስቆሙ። ጉዞውን ግን አላስቆሙም። ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ከጦር ሜዳ ሆነው «ቶሎ በሉ» እያሉ ይጽፉ ነበር፤ የመርከቧን ልክ ያጸደቁትም እሳቸው ናቸው።

ምርመራ ተካሄደ፤ ማንም አልተቀጣም። ዋናው ሠሪ ሄንሪክ ሂበርትሶን በ1627 ሞተዋል። ንጉሡስ? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንዲሉ አበው።

ቫሳ ከ333 ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ከባሕር ወጥታ ዛሬ ስቶክሆልም ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። እኛስ፣ ይሉኝታና ፍርሃት ይዞን፣ ስንቱን ፈተና በሦስተኛው ሩጫ አስቁመን ጉዞውን ቀጥለናል?