«ቀላል» ሳይሆን «መለስተኛ»

ነገሌ ቦረና መናኸሪያ ወደ ዋደራ የሚሄድ መኪና ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር የክትትል ካርዷን አሳየችኝ። ከ140/90 ጎን «ቀላል የእርግዝና ደም ግፊት» ተብሎ ተጽፏል። «ቀጠሮሽ መቼ ነው?» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ ቀላል ነው ተብያለሁ። ቀላል ከሆነ ምን ያመላልሰኛል?»

በእሷ አልፈረድኩም። አማርኛውን በትክክል ነው የሰማችው። «ማቃለል» መናቅ ነው፤ ለታመመ ሰው «ቀላል ነው» ስንለው «አታስብ» ማለታችን ነው። ይህ አጻጻፍ ከካርድ ወደ ካርድ ሲዛመት ማየት ያንገበግበኛል።

«ደም ግፊት» ግን ጥሩ ቃል ነው። ከ«ደም ብዛት» በብዙ ይሻላል፤ ደም የበዛባት የመሰላት እናት የአይረን ኪኒኗን ልትተው ትችላለችና። ግፊትና ደም ማነስ አንዲት ሴት ላይ አብረው ይገኛሉ። የነገሌ ኦሮምኛም «ዺባ ዺጋ» ሲል መግፋትን ነው የያዘው፤ ሶማልኛው «ዺግ ከር» ብሎ ደሙን ያፈላዋል። አማርኛው ደግሞ ሌላ ውበት አለው፦ በእርግዝና የሚመጣው ግፊት የሚነሣው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ ወሯ ሲገፋ ነው።

በ«ቀላል» ፋንታ «ለዘብተኛ» የሚሉ አሉ፤ እሱ የሰው አቋምና ጠባይ ነው። «አነስተኛ» ደግሞ ግፊቱ ዝቅ ያለ ያስመስላል። የእኔ ምርጫ «መለስተኛ» ነው። ሾፌሩም ረዳቱም ያውቁታል፤ መለስተኛ አውቶቡስ ከትልቁ መለስ ያለ ነው እንጂ የሚናቅ አይደለም። ግፊቱም ከ140/90 ተነሥቶ 160/110 እስኪደርስ ያለው ነው። ሥሩም «መለሰ» ነው፤ ያቺ እህት «ምን ያመላልሰኛል?» ስትል የጠየቀችውን ቃሉ ራሱ ይመልስላታል።

ሕክምናው መመላለስ ነዋ፦ ልኬት፣ የሽንት ምርመራ፣ ሐኪም ሲያዝ እንደ ሜቲልዶፓ ያለ መድኃኒት። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ2,400 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ፣ ነባር መለስተኛ ግፊትን ከ140/90 በታች ለማድረግ ማከም ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያንና ያለጊዜው መውለድን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ካርድ የምትሞሉ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ «ቀላል»ን ተዉት። «መለስተኛ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩም የቀጠሮውን ቀን። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ከመጣባት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን እንድትመለስ ንገሯት።