የካንሰር ሴል ለምን አያረጅም?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንድ የባዮሎጂ ተማሪ «ሴል ስንት ጊዜ ይከፋፈላል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አጭር ነበር፦ ምግብ እስካገኘ ድረስ፣ ለዘላለም። ይህን ያሳመነው የኖቤል ተሸላሚው አሌክሲስ ካሬል ነው። በ1912 ከዶሮ ሽል ልብ ወስዶ ማራባት የጀመራቸው ሴሎች ከ30 ዓመት በላይ፣ እሱ ከሞተ በኋላም ጭምር፣ ኖሩ ተባለ።

ፊላደልፊያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሌናርድ ሄይፍሊክ ግን የሰው ሽል ሴሎች 50 ጊዜ ገደማ ከተከፋፈሉ በኋላ ቀጥ አሉበት። ምግቡ ተበላሽቶ ይሆን? ከፖል ሙርሄድ ጋር ሆኖ ብዙ ጊዜ የተከፋፈሉ የወንድ ሴሎችን ገና ጥቂት ጊዜ ከተከፋፈሉ የሴት ሴሎች ጋር በአንድ ዕቃ ቀላቀለ። (ዘዴው አይገርምም? በክሮሞሶማቸው ስለሚለያዩ የትኞቹ እንደቀሩ ማየት ይቻላል።) የወንዱ ሴሎች ጠፉ፣ የሴቷ ቀጠሉ። ምግቡም ዕቃውም አንድ ነው፤ ስለዚህ ቆጣሪው ያለው እዚያው ሴሉ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጽሑፉን አንድ ትልቅ መጽሔት አልቀበልም ብሎት በ1961 ሌላ መጽሔት ላይ ወጣ። የካሬልን ውጤት ግን ማንም ሊደግመው አልቻለም።

ታዲያ የካንሰር ሴልስ? በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ከሄንሪዬታ ላክስ የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ላይ፣ እሷ ሳትጠየቅ፣ ሴሎች ተወሰዱ። እሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ ሞተች፤ ሴሎቹ ግን ዛሬም በየላቦራቶሪው እየተከፋፈሉ ነው። ቆጣሪውን ምን አደረጉት?

ጥሩ ግምት የመጣው ከሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነው። አሌክሲ ኦሎቭኒኮቭ ስለ ሄይፍሊክ ግኝት ትምህርት ሰምቶ ሲመለስ ባቡር አየና አንድ ነገር መጣለት። ዲኤንኤን የሚገለብጠው ኢንዛይም እንደ ባቡር፣ ዲኤንኤው ደግሞ እንደ ሐዲድ ቢሆንስ? ባቡሩ መጨረሻው ላይ ሲቆም ከሥሩ ያለችውን ቁራጭ መገልበጥ አይችልም። ስለዚህ ሴሉ በተከፋፈለ ቁጥር ጫፉ ትንሽ ትንሽ ያጥራል። በ1971 ይህን በሩስኛ አሳተመ። የካንሰር ሴሎች የጎደለውን ጫፍ የሚሞላ ልዩ ኢንዛይም ሊኖራቸው እንደሚገባም ገመተ። ያኔ ያደመጠው ጥቂት ሰው ነው።

ጫፉ ምን እንደሚመስል በ1978 ያሳዩት ኤልሳቤጥ ብላክበርንና ጆሴፍ ጎል ናቸው፤ ያጠኑት በኩሬ ውኃ የሚኖር አንድ ሴል ብቻ ያለው ፍጥረት ነበር። ክሮሞሶሙ ጫፍ ላይ አንድ አጭር የፊደል ቅንጅት ይደጋገማል። ቴሎሜር የምንለው ይህ ነው። የጋቢ ጫፍ ካልተቋጨ ክሩ ይተረተር የለ? ቴሎሜርም የክሮሞሶም ቁጭት በሉት። በጣም ሲያጥር ሴሉ ዲኤንኤው የተበጠሰ ይመስለውና መከፋፈሉን ያቆማል። ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ያበደ ሴል ያለ ልክ እንዳይባዛም ልጓም ነው።

በ1984 የገና ዕለት የብላክበርን ተማሪ ካሮል ግራይደር ጫፉን የሚያስረዝመውን ኢንዛይም ዱካ አየች። ስሙ ቴሎሜሬዝ ተባለ። ሁለቱ ከጃክ ሾስታክ ጋር በ2009 ኖቤል ተሸለሙ።

ኦሎቭኒኮቭ ስለ ካንሰር የገመተውስ? በ1994 ተመራማሪዎች 101 የዕጢ ናሙናዎችን ሲመረምሩ በ90ዎቹ ውስጥ ቴሎሜሬዝ ሲሠራ አገኙ፤ ከ50 ጤነኛ ናሙናዎች ግን በአንዱም አላዩትም። ጂኑ እኮ ሁላችንም ጋ አለ። አብዛኞቹ የሰውነታችን ሴሎች ዘግተውት ይኖራሉ፣ ካንሰሩ ይከፍተዋል።

እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ ግን የቀሩት 11ዱ ናቸው። በ1995 ሲድኒ ውስጥ ትሬሲ ብራያንና ሮጀር ሬደል ቴሎሜሬዝ ሳይኖራቸው የማይቆሙ፣ ቴሎሜራቸውም ረጅም የሆነ ሴሎች እንዳሉ አሳዩ። እነዚህ ሌላ መንገድ አላቸው፦ የአንዱ ክሮሞሶም ጫፍ የሌላውን ጫፍ እንደ አብነት ተጠቅሞ ራሱን ያስረዝማል። አንዳንድ የአጥንትና የአንጎል ካንሰሮች በዚህ ይታወቃሉ። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ኢሜቴልስታት የተባለ ቴሎሜሬዝን የሚያግድ መድኃኒት ለአንድ የመቅኔ በሽታ ተፈቅዷል። በሁለተኛው መንገድ የሚሄዱት ዕጢዎች ግን መጀመሪያውኑ የሚታገድ ቴሎሜሬዝ የላቸውም።