ሚኒሞው ለምን ይንቀጠቀጣል? የሲያትል ወደብ አሮጌ የጭነት መኪኖችና ሁለት የ1980 ሕጎች

የኢትዮጵያ ጋራዥ ከጣሊያንኛ ከወረሳቸው ቃላት አንዱ «ሚኒሞ» ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላና ማርሚታም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ሚኒሞ ማለት ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ የሚዞርበት ዝቅተኛው ፍጥነት ነው። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ሳለ ድምፁ እኩል ነው፤ የታመመው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይንተባተባል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ልምድ ያለው መካኒክ መኪናውን ነድቶ ከመሞከሩ በፊት ቆሞ የሚያዳምጠው ይህንኑ ነው፤ በፍጥነት ላይ የሚሸፈን ጉድለት በሚኒሞ ይጋለጣልና።

ይህ ጽሑፍ በሲያትል ወደብ ኮንቴይነር ሲጎትቱ ስለኖሩ አሮጌ የጭነት መኪኖች ነው። ከነጂዎቻቸው መካከል ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። ስለ አየር ብክለት የሚደረገው የፖሊሲ ንግግር ለረጅም ጊዜ ሕመሙን በመኪናው፣ ጥፋቱንም በባለቤቱ ላይ ሲፈልግ ቆይቷል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ከሞተሩ ክዳን ሥር አይገኝም እላለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን መካኒኩ ምን እንደሚያደርግ እንይ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየሩን አምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። ስለዚህ ሚኒሞ ሲያስቸግር ተጠርጣሪዎቹ የታወቁ ናቸው፦ በነዳጅ መስመሩ የገባ አየር፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ ነዳጁን እንደ ጉም መርጨት ትቶ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ወይም በቫልቭና በፒስተን ቀለበት በኩል የሚያፈተልክ ኮምፕሬሽን። ብልህ መካኒክ ከርካሹ ይጀምራል፤ ፊልትሮውን ይለውጣል፣ ቱቦዎቹን ይፈትሻል። በዚህ ካልተገኘ ወደ ሲሊንደሮቹ ያልፋል። ሞተሩ እየሠራ ወደ አንዱ ሲሊንደር የሚሄደውን የነዳጅ ቧንቧ ማሰሪያ ጥቂት ያላላል። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ድርሻውን ሲሠራ ነበር ማለት ነው፤ ካልተለወጠ ሕመምተኛው እሱ ነው። (ይህ በሜካኒካል ፓምፕ ለሚሠሩት አሮጌዎቹ ሞተሮች የሚሆን ዘዴ ነው፤ የነዳጅ ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ በሆነው በዘመናዊው ሥርዓት ላይ መሞከር ግን ለሕይወት ያሰጋል። ዲትሮይት ዲዝል በኤሌክትሮኒክስ የሚመራውን «ሲሪስ 60» ሞተር በ1987 ካወጣ ወዲህ ሲሊንደሮቹን ተራ በተራ የማጥፋቱን ሥራ ኮምፒዩተር እየተረከበው መጥቷል።)

እንበልና ሕመምተኛው ሲሊንደር ተገኘ፣ ኢንጀክተሩም ወጣ። ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። አብዛኛው ምርመራ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ክፍሉ ተለውጦ ሒሳቡ ይከፈላል። ግን ጥላሸቱ ከየት መጣ? የናፍጣ ሞተር ጭነት ሳይጎትት በሚኒሞ ለሰዓታት ሲዞር በቂ ሙቀት አያገኝም። ነዳጁ ተሟጦ ስለማይቃጠል ጥላሸቱ በኢንጀክተሩ ጫፍና በቫልቮቹ ላይ ይጋገራል፤ ከፊሉ ያልተቃጠለ ነዳጅም ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። በሌላ አነጋገር፣ ሚኒሞን ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ራሱ የሚኒሞ መብዛት ነው። ከባድ መኪና ቆሞ ሲዞር በሰዓት 3 ሊትር ያህል ነዳጅ ይጨርሳል። ስለዚህ ትክክለኛው የምርመራ ጥያቄ «ይህ መኪና በቀን ስንት ሰዓት ቆሞ ይውላል? ለምንስ?» የሚለው ነው። ይህን ደግሞ መካኒክ ሊመልሰው አይችልም፤ መልሱ ታሪክ ውስጥ ነው።

ሲያትል ለጭነት መኪና እንግዳ አይደለችም። ኬንዎርዝ በ1923 የተመሠረተው እዚሁ ሲሆን ስሙም ከሁለት ባለቤቶቹ፣ ከሃሪ ኬንትና ከኤድጋር ዎርዚንግተን፣ የተገጣጠመ ነው። በ1933 የናፍጣ ሞተርን እንደ መደበኛ ዕቃ ያቀረበ የመጀመሪያው የአሜሪካ የጭነት መኪና አምራችም ይኸው ኩባንያ ነበር። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን መኪናውን ማን ሠራው ሳይሆን የማን ሆነ የሚለው ነው።

ከ1935 ጀምሮ በአሜሪካ የጭነት ማመላለሻ ንግድ ውስጥ ማን እንደሚገባና በምን ዋጋ እንደሚሠራ የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ የክፍለ ሀገር ንግድ ኮሚሽን ነበር። ፈቃድ ማግኘት አስቸጋሪ፣ ታሪፉ የተወሰነ፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ጠንካራ ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር ሐምሌ 1 ቀን 1980 የፈረሙት የጭነት ማመላለሻ ሕግ ይህን በር ከፈተው። አዳዲስ ኩባንያዎች ጎረፉ፣ ዋጋ ወረደ፤ ለሸማቹ ጥቅም ማስገኘቱንም የሚክድ የለም። ከወደብ ወደ ባቡር ጣቢያና ወደ መጋዘን ኮንቴይነር በሚያመላልሰው የአጭር ርቀት ሥራ ግን ውድድሩ ያረፈው በአንድ ቦታ ላይ ነው። ኩባንያዎች የራሳቸውን መኪኖችና ደመወዝተኛ ሹፌሮች እየተዉ፣ መኪናውን ራሱ የሚገዛ፣ ነዳጁን፣ ጥገናውንና ኢንሹራንሱን ራሱ የሚሸከም «የግል ተቋራጭ» መቅጠር ጀመሩ። ተቋራጩ የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በጭነት ነው።

በዚያው ዓመት፣ ከዚህ ሕግ ሦስት ወር ተኩል ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 17 ቀን 1980 እኚሁ ፕሬዚዳንት የስደተኞችን ሕግ ፈርመዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ደንብ የስደተኛን ትርጉም በዋናነት ከኮሚኒስት አገሮችና ከመካከለኛው ምሥራቅ ለሚሸሹ የወሰነ ነበር። አዲሱ ሕግ የተባበሩት መንግሥታትን ትርጉም ተቀብሎ ለአፍሪካውያን በር ከፈተ። ከደርግ ሸሽተው በሱዳን መጠለያዎች የቆዩ ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ አሜሪካ የመጡት በዚህ ሕግ ነው፤ ሲያትልም ከመረጧቸው ከተሞች አንዷ ሆነች።

ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ያቀናበራቸው ሰው የለም። ሴራ የምፈልግ አይደለሁም። ነገር ግን አንዱ ሕግ በአገሩ የነበረው የትምህርት ማስረጃ ዋጋ ያጣበትን፣ ቤተሰብ የሚጠብቀውን፣ ለአለቃ ከማደር ለራሱ መሥራትን የሚመርጥ ሰው ሲያመጣ፣ ሌላው ጥቂት ሺህ ዶላርና መንጃ ፈቃድ ላለው ሁሉ የሚበቃ ሥራ ከፈተ። በእኛ ባህል የራስ መኪና ባለቤት መሆን ክብር ነው፤ ከጅቡቲ መንገድ ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው። ይህ ክብር ግን በወደቡ ውል ውስጥ ሲገባ ትርጉሙ ተገለበጠ። ባለቤትነቱ ነጂውን ነጻ ከማውጣት ይልቅ የጥገናው ዕዳ የሚተላለፍበት ቧንቧ ሆነ።

በጭነት የሚከፈል ሰው በተርሚናሉ በር ላይ ለሚጠብቀው ሰዓት አይከፈለውም። ለተርሚናሉ፣ ለመርከብ ድርጅቱና ለዕቃው ባለቤት የሰልፉ ርዝመት ወጪ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ መኪና በር ላይ ቆሞ መገኘቱ ክሬናቸው ሥራ እንዳይፈታ ያደርጋል። እዚህ ላይ የመካኒኩ ፈተና ይጠቅመናል። አንዱን መኪና ከሰልፉ አውጡትና አዳምጡ፤ የወደቡ ድምፅ አይለወጥም። ለውጡን የሚሰማው የነጂው ቤት ብቻ ነው። ገቢው እንዲህ ሲጣበብ የሚገዛው መኪናም ረጅሙ ጎዳና ተጠቅሞ የጣለው፣ ሚሊዮን ማይል የዞረ ይሆናል። አሮጌ መኪና ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ ሰልፉ ኢንጀክተሩን ያበላሻል፤ የተበላሸው ኢንጀክተር ይበልጥ ያጨሳል።

ጭሱ ደግሞ የሚያርፈው ማንም በማይኖርበት ቦታ አይደለም። በ2013 የወጣ የዱዋሚሽ ሸለቆ የጤና ጥናት እንዳሳየው ጆርጅታውንና ሳውዝ ፓርክ የሚኖር ሰው አማካይ ዕድሜ ከሎረልኸርስት ነዋሪ እስከ 13 ዓመት ያነሰ ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም የናፍጣ ጭስ ድርሻ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣን ጭስ ካንሰር አምጪ ብሎ በመጀመሪያው ምድብ የመደበው ሰኔ 2012 ነው። ስለዚህ የአየር ጽዳት ፖሊሲው ተገቢ ነበር፤ ጉዳዩ የፖሊሲው ሒሳብ ለማን ተላከ የሚለው ነው።

የሲያትል፣ የታኮማና የቫንኩቨር ወደቦች በ2008 የጋራ የአየር ጽዳት ስልት አወጡ። በዚያ መሠረት ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ ሞተሩ ከ1994 በፊት የተሠራ መኪና ከሲያትል ወደብ ተርሚናሎች ታገደ። መስፈርቱ የዘፈቀደ አልነበረም፤ በ1994 የፌዴራሉ የጥላሸት ገደብ ለአንድ የፈረስ ጉልበት ሰዓት ከ0.25 ወደ 0.10 ግራም ወርዶ ነበር። አሮጌውን ለሚያስረክብ ነጂ 5 ሺህ ዶላር ወይም የመኪናው የገበያ ግምት፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ ይከፈለው ነበር። ቀጣዩን መኪና የመግዛቱ ዕዳ ግን የእሱው ነው።

የካቲት 2012 ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጂዎች፣ አብዛኞቹ የሶማሊያ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች፣ መኪናቸውን አቁመው ለሁለት ሳምንት ያህል አደሙ። የቲምስተርስ ማኅበር ደገፋቸው። አቤቱታቸው ሲነበብ ስለ ክፍያ ብቻ አልነበረም፦ የእነሱ ባልሆነ ጉድለት ያለበት ተሳቢ መቀጣት፣ ከልክ በላይ የተጫነ ኮንቴይነር፣ ያልተከፈለ የሰልፍ ሰዓት፣ በተርሚናሉ ውስጥ መጸዳጃ መከልከል። የወደብ ነጂዎችን እንደ ተቀጣሪ ሊያስቆጥር የነበረው ረቂቅ በዚያው ክረምት በኦሎምፒያ ቀርቦ ሕግ ሳይሆን ቀረ። መጸዳጃ የመጠቀም መብት እንኳ በግዛቱ ሕግ የጸናው በ2022 ነው፤ አሥር ዓመት ቆይቶ።

ሌላ መንገድ ተሞክሮ ያውቃል። የሎስ አንጀለስ ወደብ በ2008 ንጹሕ መኪና ሲጠይቅ፣ ኩባንያዎቹ ነጂዎቻቸውን ቀስ በቀስ በደመወዝ እንዲቀጥሩም ጠየቀ፤ መኪናውን የሚገዛው አቅም ያለው ይሁን ማለቱ ነበር። የአሜሪካ የጭነት ማመላለሻዎች ማኅበር ከሰሰ። የዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2011 የቅጥሩን ግዴታ ሻረው፤ መሠረቱም ግዛቶችና ከተሞች የማመላለሻ ድርጅቶችን «ዋጋ፣ መስመርና አገልግሎት» የሚነካ ደንብ እንዳያወጡ የሚከለክለው የ1994 የፌዴራል ሕግ ነበር። ይህ ፍርድ ወደቦች ሁሉ ያነበቡት ትምህርት ሆነ፦ ሞተሩን መቆጣጠር ይቻላል፣ ውሉን ግን አይነኩትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህንኑ ሎጂክ ተከትሏል። ሲያትልና ታኮማ በ2015 የኮንቴይነር ሥራቸውን ካዋሐዱ በኋላ፣ ከብዙ ክርክርና ከማራዘሚያ በኋላ፣ ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ 2007 ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ሞተር ግዴታ ሆነ። የ2007 ሞተር ጥላሸቱን ወደ 0.01 ግራም ያወርዳል፤ ለሸለቆው ሳንባ ትልቅ ነገር ነው። ይህን የሚያደርገው ግን በጭስ መውጫው ላይ በተገጠመ ማጣሪያ ሲሆን፣ ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት የሚያቃጥለው በረጅም መንገድ በሚገኝ ሙቀት ነው። ሰልፍ ላይ የሚውል መኪና ያን ሙቀት አያገኝም። ማጣሪያው ይደፈናል፣ ሞተሩ ኃይል ያጣል፤ በጥቂት መፍቻና በጥሩ ጆሮ ይጠገን የነበረው በሽታ አሁን የኮምፒዩተር ምርመራና በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። በሩ ላይ ያለው ሰልፍ ግን በደንቡ ውስጥ አልተጠቀሰም።

አገር ቤትም ተመሳሳይ ዝንባሌ አለ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 (በ2020 የወጣው) በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። የአዲስ አበባን አየር የሚያውቅ ሰው ዓላማውን አይነቅፍም። ሆኖም የመኪናውን ዕድሜ መቅጣት፣ ብድር የማያገኘው ባለንብረት አሮጌ መኪና እንዲገዛ ከሚያስገድደው ምክንያት ጋር አንድ አይደለም።

ወደቦቹ በ2020 ባደሱት ስልት እስከ 2050 ድረስ ከወደብ ሥራ የሚወጣውን ብክለት ለማስቀረት ወስነዋል፤ ለጭነት መኪናም መንገዱ ኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሚኒሞ የለውም፤ በር ላይ ሲቆም ዝም ይላል፣ ጥላሸትም አይጋግርም። ዋጋው ግን ከናፍጣው እጅግ ይበልጣል፤ ሰልፉና በጭነት የሚከፈለው ውልም እንዳሉ ናቸው። በዚህ ዘርፍ የምትሠሩ አንባቢዎች ድጎማ ሲዘጋጅና አስተያየት ሲጠየቅ ልትመለከቱ የምትችሏቸው ሦስት አንቀጾች አሉ፦ ድጎማው ለነጂው ነው ወይስ ጭነቱን ለሚያዘው ኩባንያ፤ መኪናው በተርሚናል ውስጥ የሚቆይበት ሰዓት ተመዝግቦ ይፋ ይሆናል ወይ፤ ከተወሰነ ደቂቃ በላይ የሚጠበቅበትን ሰዓትስ በውሉ ላይ የሚከፍል ወገን ተጽፏል ወይ። የመጨረሻው ከ1994ቱ ሕግ ጋር ይጋጫል የሚል ክርክር መምጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የሕግ ባለሙያዎቻችን ከሌሎቹ ቀድመው ሊያነቡት የሚገባው ያ አንቀጽ ነው።